ዶክተር ሲገቡ

ሲስተር ከበቡሽ ፈተናውን የወደቁት ባለማወቅ አልነበረም፤ ብድግ ብለው ነው የወደቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም.፣ በማርች ወር መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል በጠና የታመሙ ሕፃናትን ለሚያስታምሙ ነርሶች የሚሰጠውን የስድስት ወር ልዩ ሥልጠና ሊጀምር ነበርና አመልካቾቹን አንድ በአንድ ፈተነ። ሲስተር ከበቡሽም ተራቸው ደርሶ በአልጋው ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው የተጋደመው የጎማ ሕፃን ትንፋሹ ተቋርጧል ተባለ። በግራ እጃቸው ማስኩን አፍና አፍንጫው ላይ ገጠሙ፤ በቀኝ እጃቸው አምቡ ባግ የሚባለውን የአየር ከረጢት ጨመቅ ለቀቅ እያደረጉ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ይሰጡት ጀመር። የሕፃኑ ደረት በሚፈለገው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ፈታኟ ከኋላ ሆና በወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ በሩ ተከፈተና የክፍሉ ሐኪም ገባ። ሲስተር ከበቡሽ ከረጢቱን አልጋው ላይ አኖሩ፤ ተነሡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆሙ።

የጎማው ሕፃን ሃያ ሁለት ሰከንድ ያለ አየር ቀረ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት፣ ምን እንደ ሆኑ ጠየቃቸው። ምንም አልሆኑም፤ እያከበሩት ነበር። ፈታኟ ግን በወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ሕመምተኛውን ትታ ተነሣች።»

ሁለተኛው ፈተና በሜይ መጨረሻ ነው፤ ሦስተኛ የለም። በሁለተኛው የወደቀ እንደ ገና ለማመልከት ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሦስት ዓመት ቆይታ ስታመለክት ማን እንደሚቀበላት ሲስተር ከበቡሽ ያውቁታል። አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሮክቪል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ዘጠኝ ዓመት በረዳትነት ቆይተው፣ የነርስነቱን የቦርድ ፈተና በሦስተኛው ሙከራ አልፈው፣ ፈቃዳቸውን ከያዙ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። «ሽማግሌ ማገላበጥ ጽድቅ ነው፤ አልተጸየፍኩም» ይላሉ። «ነገር ግን የተማርኩት ሕፃን ነው። እጄ ሕፃን ረስቶ እንዲሞት አልፈልግም።»

ይህን የሚነግሯት ለትርሲት ነበር። ትርሲት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ያንኑ ሥልጠና ባለፈው ዓመት በአንደኛነት ጨርሳ በዚያው ሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ሲስተር ከበቡሽን ያመልክቱ ብላ የገፋፋቻቸው እርሷ ናት፤ ሲወድቁም ከእርሳቸው ይልቅ የተናደደችው እርሷ ናት።

ትርሲት ለዚህ ብድግ ማለት ለሚሉት ነገር ያላት ንቀት ሥር የሰደደ ነበር። ብዙ አስባበታለች። ሰው በገባ ቁጥር የሚነሣ ሕዝብ ሥራውን መቼ ሠርቶ ይጨርሳል? በአገር ቤት ሆስፒታሎች ፕሮፌሰሩ ከነተከታዮቻቸው ጉብኝት ሲገቡ ነርሶቹ እንደ ክብር ዘብ በየአልጋው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የሚያቃስተውም ሕፃን ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ነው እንግዲህ ጨዋነት የሚሉት። ትርሲት ጨዋነት አትለውም፤ በሌላ ሰው ሕፃን ትንፋሽ የሚከፈል ግብር ነው ትላለች። ሲስተር ከበቡሽን ከዚህ በሽታ በስምንት ቅዳሜ ልፈውሳቸው ብላ ተነሣች። የጎማ ሕፃን ከሆስፒታሉ በውሰት አገኘች። የቀራት ቦታ ነበር፤ ለቦታው ሲባል ማኅበሩን ደጅ መጥናት ግድ ሆነ።

ማኅበሩ የጤና ባለሙያዎች መረዳጃ ማኅበር ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ በላይ አንዲት አዳራሽ አለችው። አባላቱ ሃያ ሦስት፣ ከእነዚህም ሥራ አስፈጻሚዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። በተመሠረተ በስድስት ዓመቱ አንድም ሕመምተኛ ረድቶ አያውቅም፤ ቃለ ጉባኤው ግን አራት መዝገብ ሞልቷል። ሰብሳቢው ዶክተር ሠረቀብርሃን ናቸው።

ዶክተር ሠረቀብርሃን በአገራቸው እውነተኛ ሐኪም ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። አሜሪካ ከገቡ ግን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው አንድ ቀን እንኳ ለሐኪምነት ፈቃድ ፈተና አልተቀመጡም። «ስንቱን የፈተንኩትን ሰውዬ ማን ሊፈትነኝ?» ይላሉ። ቀን ቀን የአንድ ትልቅ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ኃላፊ ናቸው። ትርሲት የናቀችው መኪና ማቆሚያውን አልነበረም፤ እንጀራ ነውና አይናቅም። የናቀችው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለብሱትን ሰውዬ ነበር፤ ክራቫታቸውን አስረው፣ ከማኅበሩ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ስማቸውን በደማቅ ቀለም አሳትመው፣ ከወንበር ወንበር እየመረጡ የሚቀመጡትን፤ ሰው ሁሉ እስኪነሣላቸው በር ላይ ቆም ብለው መነጽራቸውን የሚወለውሉትን።

አዳራሹ ተፈቀደ። ቁልፉን ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ክፍሉ እያመጡ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሥልጠናው ይሰጥ ጀመር። ሦስተኛዋ ሰው ትብለጥ ናት፤ ከሲስተር ከበቡሽ ጋር በአንድ መጦሪያ የምትሠራ፣ እርሷም በመጸው ወራት ልትፈተን ያሰበች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት። ትርሲት ነጭ ካፖርት አልብሳ ሐኪም አደረገቻት።

ትብለጥ ከበሩ ውጭ ትቆይና ድንገት በርግዳ ትገባለች። «ይህ ሕፃን ለምን ጠቆረ? ሁላችሁንም ዛሬውኑ ከሥራ ፋየር አደርጋችኋለሁ።»

ሲስተር ከበቡሽ ከረጢቱን እየጨመቁ ቀና ሳይሉ፣ «አንቺን ብሎ ዶክተር» ይላሉ። «የጫማሽ ማሰሪያ መሬት ይጠርጋል። ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«አይነሡም እንዴ ታዲያ?»

«ለአንቺ ከተነሣሁማ ለአውቶቡስም ልነሣ ነው።»

በዚህ ዓይነት ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ትርሲት የድል ስሜት ተሰማት። በአራተኛው ቅዳሜ ግን አቶ ክፍሉ መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ ሳያንኳኩ ገቡ። ሰውዬው ሐኪም እንኳ አይደሉም፤ ሽበታም ወንድ መሆናቸው በቃ። የሲስተር ከበቡሽ መቀመጫ ከበርጩማው ስንዝር ያህል ተነሣ፤ ማስኩም ሸርተት አለ። ትርሲት የሰዓት መቁጠሪያዋን ተመለከተች። አራት ሰከንድ።

አቶ ክፍሉ መነጽራቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ፣ «እትዬ ከበቡሽ፣ ተነሡ እኮ» አለች።

«አውቄ መሰለሽ? እኔን አስፈቅዶ አይደለም የሚነሣው፤ ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበትዎን ባሪያ አድርገው አሳድገውት ነዋ።»

ትብለጥ ምላሷን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሲስተር ከበቡሽ ማስኩን በሕፃኑ ፊት ላይ ቀስ ብለው አስተካከሉ። ትርሲት እንደ ገና ሥራ ሊጀምሩ መሰላትና፣ «ከመጀመሪያው» አለች።

በዚያ ሳምንት ትርሲት አንድ ነገር ገባት። ትብለጥ መቶ ጊዜ ብትገባ ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱ በሽታው ራሱ ነው። ሲስተር ከበቡሽ እውነተኛውን ነገር ካላዩ አይድኑም፤ ለእውነተኛው ነገር ደግሞ ከዶክተር ሠረቀብርሃን የበለጠ ማን ይገኛል? ሰውዬው በሕይወታቸው ለአንድ ጊዜ እንኳ ለሕክምና ሙያ ይጠቅማሉ። ይህን እያሰበች በመኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ሄዳ አነጋገረቻቸው። «ዶክተር፣ አንድ ቅዳሜ ሥልጠናውን መጥተው ቢያዩልን። ድንገት ገባ ቢሉ ይበቃል።»

«ድንገት?» አሉ ዶክተር ሠረቀብርሃን። «ልጄ፣ የማኅበር ሰብሳቢ ድንገት አይገባም። ድንገት የሚገባ ሌባ ነው።»

«ለሠልጣኞቹ ብዬ ነው፤ እንዲለምዱት።»

«ምኑን?»

«የሐኪም መግባትን።»

ይህ ደስ አሰኛቸው። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ቀድሞውንም ልጠይቅሽ ነበር። ሥልጠናውን የሚመራው ሐኪም ማን ነው?»

«ሐኪም የለበትም። የነርሶች ሥልጠና ነው።»

«ሐኪም የሌለበት ሥልጠና ወጥ የሌለው ድግስ ነው። ግድ የለም፤ እኔ እመጣለሁ። ክፍሉ መርሐ ግብሩን ያወጣዋል።»

አቶ ክፍሉ አወጡት። ቅዳሜ ትርሲት የጎማውን ሕፃን ታቅፋ ስትደርስ አዳራሹ ተለውጦ ጠበቃት። የፊተኛው ረድፍ ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ግድግዳው ላይ «የከፍተኛ ሕክምና ሥልጠና ይፋዊ የጉብኝት ሥነ ሥርዓት» የሚል ጽሑፍ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ተሰቅሏል። ሰባት ሥራ አስፈጻሚዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተዋል፤ አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ለሥልጠናው የተተወው ቦታ ከአበባው ጠረጴዛ ጀርባ አንዲት ጠባብ ማዕዘን ነበረች። ትርሲት ጠረጴዛውን ከነአበባው ገፋ አድርጋ አልጋ አስመስላ የሠራቻትን አግዳሚ ወንበር ዘረጋች። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል አንድ ሕፃን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ የሚያውቅ ይኖር ይሆን ብላ አሰበች፤ ጠይቃ ራሷን ለማድከም ግን አልፈለገችም።

ዶክተር ሠረቀብርሃን ሃምሳ ደቂቃ ዘገዩ። አቶ ክፍሉ በመስኮት ሆነው መንገዱን ይጠብቁ ነበርና፣ «ፓርክ እያደረጉ ነው» ሲሉ ትርሲት ሥራውን አስጀመረች። ሲስተር ከበቡሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ማስኩን ገጠሙ። ትርሲት እንደ ረዳት ነርስ አጠገባቸው ተንበርክካ ከረጢቱን ከኦክስጅኑ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ያዘች። ትብለጥ ሰዓት ቆጣሪ ሆነች።

ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ሠረቀብርሃን እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆም ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኳኩ፤ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ትርሲት ዓይኗን ከሲስተር ከበቡሽ ጉልበት ላይ አልነቀለችም። አልተነሣም። ጣቶቻቸው ማስኩ ላይ እንደ ተጣበቁ ናቸው፤ የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። በውስጧ «አየሽ!» እያለች ሳለ፣ ሲስተር ከበቡሽ ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ትርሲት፣ ቱቦው።»

ትርሲት ቁልቁል ተመለከተች። ቱቦው መሬት ላይ ወድቋል። እርሷ ቆማለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች።

እንዴት እንደ ተነሣች አላወቀችም። ወዲያው ተንበርክካ ቱቦውን መልሳ ሰካችው፤ ፊቷ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ። ይህን ያየ ከሲስተር ከበቡሽና ከትብለጥ በቀር ማንም አልነበረም፤ ሌሎቹ ሰብሳቢያቸውን በማየት ላይ ነበሩ።

ዶክተር ሠረቀብርሃን በሁለቱ ረድፍ መካከል እየተራመዱ መጥተው ከበርጩማው አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። «ሲስተር ከበቡሽ፣ እንደምን አለሽ?»

«ይቆዩኝ ዶክተር፤ እጄ አልተለቀቀም።»

የተዘረጋው እጅ ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ቀረ። ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን ዝቅ አደረገ።

«አሻንጉሊት ነው እኮ» አሉ ዶክተሩ።

«ዛሬ አሻንጉሊት ነው» አሉ ሲስተር ከበቡሽ። «ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

አቶ ክፍሉ ነገሩን ለማብረድ ጣልቃ ገቡ። «ዶክተር ራሳቸው ቢያሳዩን ምን ይመስላችኋል? ለፎቶውም ያምራል።»

«እንዴታ» አሉ ዶክተር ሠረቀብርሃን። ሲስተር ከበቡሽ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም በወጉ አስረከቡ። «በሦስት ይቀበሉኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ሰውዬው ማስኩን እንደ ባርኔጣ ደፉት፤ የሕፃኑን አገጭ ሳያቃኑ ከረጢቱን በሙሉ ኃይላቸው ጨመቁት። ደረቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ ተነፋ። እንደ ገና ጨመቁ፤ እንደ ገና ተነፋ። ትብለጥ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብታፍነውም ሳቋ በጣቶቿ መካከል አመለጠ።

ትርሲት አላረመቻቸውም። ለክብራቸው ተጨንቃ አይደለም፤ የሚታረመው ሊሻሻል የሚችል ሰው ብቻ ነው ብላ ነው።

ዶክተር ሠረቀብርሃን ከረጢቱን አኑረው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ዘንበል ያለውን ጽሑፍ፣ ከዚያም ሦስቱን ሴቶች በየተራ ተመለከቱ። «ሙያ ያለ ሥነ ምግባር ባዶ ነው» ብለው ወጡ። ሥራ አስፈጻሚዎቹም እየተጋፉ ተከተሏቸው።

ሲስተር ከበቡሽ ግን ዶክተሩ ከረጢቱን ገና ሲያኖሩት አንሥተው መጭመቃቸውን ቀጥለው ነበር። አሁን ለትብለጥ በሥርዓት አስረከቡ፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ደረጃውን ወረዱ። ትርሲት በመስኮት አየቻቸው። መኪና ማቆሚያው ላይ ዶክተሩን ደርሰውባቸው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሷቸው። ዶክተሩ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ጥቂት ቆይተው ግን ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ።

ሲመለሱ ትርሲት ጠበቀቻቸው። «ያን ሁሉ ችለው፣ መጨረሻ ላይ ሄደው አጎነበሱ?»

«ሰላም ሳልላቸው ሊሄዱ ነበር እኮ።»

«አይገባቸውም። እንደዚያ ያለ ሰው ሰላምታ አይገባውም።»

ሲስተር ከበቡሽ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ደክሟቸው ነበር። «ትርስዬ፣ እኔ የተነሣሁት ሕፃኑን ለትብለጥ አስረክቤ ነው። አንቺ የተነሣሽው ቱቦ ይዘሽ ነው። የምትንቂውን ሰው ፈርተሽ ተነሣሽ፤ እኔ የማከብረውን ሰው አስቆምኩ። የቱ ይብሳል?»

ትብለጥ፣ «ዘጠኝ ሰከንድ» አለች።

«ምኑ?» አለች ትርሲት።

«ቱቦው። ቆጥሪ ብለሽኝ የለ? ቆጠርኩ።»

ማክሰኞ ዕለት የማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ለታየው «ከባህላችን ያፈነገጠ ድርጊት» ሥራ አስፈጻሚው ማዘኑን፣ አዳራሹም እስከ ሌላ ውሳኔ ድረስ ለሥልጠና እንደማይሰጥ ይገልጻል። ከሥሩ ሁለት ማኅተም አለው። ትርሲት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንድ ማኅተም የማይበቃው ማኅበር ምን ይባላል ብላ ወደ ቅርጫት ወረወረችው። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶት ነበር።

ሦስቱንም ቅዳሜ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ባለው የትርሲት አፓርትመንት፣ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ተለማመዱ። አሁን ግን ሥርዓቱን ያወጡት ሲስተር ከበቡሽ ናቸው። ትርሲት ቱቦ ያዥ እንጂ ሰዓት ቆጣሪ እንዳትሆን አዘዙ። ትብለጥ ሰው ሁሉ ሆና ገባች፤ ፕሮፌሰር፣ ቄስ፣ ሚኒስትር፣ አንድ ጊዜም ካፖርቱን ዘቅዝቃ ለብሳ የትርሲትን አባት ሆነች። በዚህኛው ትርሲት ሳቀችና ቱቦው ከእጇ ወጣ።

«አምስት ሰከንድ» አለች ትብለጥ። «መምህርት ሆይ፣ ይወድቃሉ።»

ትርሲት ቱቦውን መልሳ ሰካች። ስድስት ወር ሠልጥና፣ አንደኛ ወጥታ፣ ለአንድ ዓመት በእውነተኛ ሕፃናት አልጋ ዙሪያ ሠርታ፣ ሐኪም ሲገባ ጉልበቷ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ልብ ብላ አይታ አታውቅም። በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ተነሥታ ይሆን? ማንም ያልጻፈባት ሐኪሞቹም ነርሶቹም በየራሳቸው ሥራ ስለተጠመዱ ይሆናል። ለሌላው ያከማቸችውን ንቀት ያን ሰሞን ለራሷ አዋለችው፤ በእግሯ እንዳሠራችው ጫማ ልክ ሆነላት።

የፈተናው ቀን ትርሲት ሥራ ላይ ነበረች። ለሥራ የምትጠራበትን ፔጀር አጥፍታ በመተላለፊያው ቆመች፤ የፈተናው ክፍል በሩ ላይ ጠባብ መስተዋት አለው። ሲስተር ከበቡሽ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። የከረጢቱ እንቅስቃሴ እኩል ነው። በሌላው በር የክፍሉ ሐኪም፣ ያው የማርቹ ሐኪም፣ ገባ።

ጉልበታቸው ተንቀሳቀሰ። ትርሲት ከውጭ ሆና አየችው፤ ቀሚሳቸው ከበርጩማው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተጎተተ። በዚያው ቅጽበት ሲስተር ከበቡሽ የተነሣውን ጉልበታቸውን ወደ አልጋው ጠርዝ ገፍተው አስደገፉት፤ ቀና ሳይሉም ለሐኪሙ አንድ ነገር ተናገሩ። ሐኪሙ ዙሪያውን ተመለከተና በርከክ ብሎ የኦክስጅኑን ቱቦ ያዘ።

እስከ መጨረሻው ያዘላቸው። ፈታኟ «በቃ» ስትል ሲስተር ከበቡሽ ከረጢቱን አስረከቡ፤ ጓንታቸውን አወለቁ፤ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ሐኪሙን እጅ ነሡ። ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እርሱም ጎንበስ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሥልጠናው አስተባባሪ ሲስተር ከበቡሽን ጠርታ ጁን መጀመሪያ ላይ እንደሚጀምሩ ነገረቻቸው። ትርሲትም አጠገባቸው ነበረች። አስተባባሪዋ፣ በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ የተለወጡት ማን አሠልጥኗቸው እንደ ሆነ ጠየቀች። ትርሲት ደረቷን ነፋ አደረገች።

«ማኅበራችን» አሉ ሲስተር ከበቡሽ በእንግሊዝኛቸው። «ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው። የምስጋና ደብዳቤ ብትጽፊላቸው ደስ ይላቸዋል።»

መተላለፊያው ላይ ሲወጡ ትርሲት ቆመች። «ለምን እንዲህ አሉ? በደብዳቤ ያባረሩንን ሰዎች?»

«ትብለጥ በኦክቶበር ትፈተናለች። ሪቨርዴል ፓርክ የሚኖሩ ሁለት ልጆችም እንፈተናለን ብለው ኮል አድርገውልኛል። ሁላችንንም በምግብ ጠረጴዛሽ ላይ ልታስቀምጪን ነው?»

«እኔ ለሰውዬው ደብዳቤ አልወስድም።»

«እኔማ እንዳልወስደው ቅዳሜ ሥራ ነኝ» አሉ ሲስተር ከበቡሽ፤ ከዚያም ሳቁ። «ሁለት እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ጉልበትሽ እንደሁ እሺ ብሏል።»

ትርሲት ቅዳሜ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትነዳ የምትናገረውን እያሰላች ነበር፤ ጨዋ ሆኖ የሚቆርጥ ቃል ፈለገች፤ ሦስት ያህልም አገኘች። ዶክተር ሠረቀብርሃን አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የአስተባባሪዋን የምስጋና ደብዳቤ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ወልውለው አነበቡ፤ ገልብጠውም ጀርባውን አዩ።

«ስሜ የታለ?»

«‹ለማኅበሩ ሰብሳቢ› ይላል፣ ዶክተር። እርስዎ ነዎት።»

«ሰብሳቢማ ነገም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አሉ። ያም ሆኖ ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት፤ ከመሳቢያውም የአዳራሹን ቁልፍ አወጡ። ትርሲት እጇን ዘረጋች። እርሳቸው ግን ቁልፉን አልለቀቁም፤ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ያን ዕለት ሆዱ ነው የተነፋው፤ አይደል?»

ትርሲት በመንገድ ላይ ያዘጋጀቻቸውን ሦስት ቃላት ፈልጋ አጣቻቸው። «አዎ፣ ዶክተር።»

«አገጩን ቀና አላደረግኩትም። መኪናው ውስጥ ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። አሥራ አራት ዓመት…» አሉና ተዉት። ቁልፉን በመዳፏ ላይ አኖሩ። ወዲያው ክራቫታቸውን አጥብቀው ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ይህ ግን በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ።»

«አይገባም» አለች ትርሲት፤ ቁልፉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።